ልጄ እንጀራ አልበላ አለች፤ ከብሳዬም ደሴ ላይ አልበስል አለኝ

ጥያቄ፦ «ከ13 ዓመት የጅዳ ኑሮ በኋላ ደሴ ገብተናል። ልጄ እዚያ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አሁን 11 ዓመቷ ነው። እንጀራ "ኮመጠጠኝ" ብላ ትገፋለች፤ ሩዝ ካልሆነ አትቀምስም። ከብሳ (የዐረቦቹን ቅመም የበዛበት ሩዝ በሥጋ) ልሥራላት ስል ደግሞ እዚያ እጄ የለመደው ሙያ ከዳኝ፤ ሩዙ ላዩ ፈርሶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የምንኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ እኔ እንደ አባቴ ሙስሊም ነኝ። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጄን ግን በአንድ ቤት ሁለት የሥጋ ድስት ማየቱ ግራ አጋብቷታል። ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዋን የምትከፍተው ዞር ብላ ነው፤ ልጆቹ "ዐረቧ" ይሏታል። ትልመደው ብዬ ላስርባት ወይስ የለመደችውን እየሰጠሁ ልቆይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የራበው ልጅ መብላቱ አይቀርም፤ ግን የእንጀራ ሽታ ከመሸነፍ ጋር ተጣብቆበት ይቀራል፣ እሱን ማላቀቅ ደግሞ ኮምጣጣ ጣዕም ከማስለመድ የከበደ ነው። የለመደችውን ብቻ በየቀኑ ለብቻዋ በሰሃን ማቅረብም በገዛ ቤቷ እንግዳ ያደርጋታል። ልጅዎ ያጣችው ጣዕም ብቻ አይደለም። ጅዳ እያለች የምግቡን ስም፣ የአበላሉን ወግ፣ የትኛው በስሎ የትኛው እንዳልበሰለ ታውቅ ነበር፤ እዚህ ስትደርስ ምንም የማታውቅ ሆና ተገኘች። መጀመሪያ የሚመለስላት ይህ አዋቂነቷ ነው። ለዚያ ደግሞ ከብሳው በወጉ መብሰል አለበትና ከእሱ እንነሳ።

ሙያዎ አልከዳዎትም፤ ያስቸገረዎት ከፍታው ነው። ጅዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። እሳቱን ቢያበዙት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የሩዙ ላይ የሚፈርሰው በብርቱ እሳት ሲናጥ ነው፤ ውስጡ ጥሬ የሚቀረው ደግሞ ፍሬው ሳይበስል ውሃው ስላለቀበት ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ዘመድ የሚነግርዎት ልክ እንኳ ለደሴ ጥቂት ያንሳል።

ለ6 ሰው 3 ብርጭቆ ረጅም ፍሬ ያለው ባስማቲ ሩዝ ይያዙ። የፎገራ ሩዝ ለዚህ አይሆንም፤ ፍሬው አጠር ያለ ስለሆነ ይጣበቃል። እሱን ለሌላ ነገር እንፈልገዋለንና ያስቀምጡት። ባስማቲውን ውሃው እስኪጠራ 4 ወይም 5 ጊዜ ያጥቡና ለብ ባለ ጨው ያለበት ውሃ 40 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ጅዳ ላይ መዘፍዘፉ ለፍሬው ርዝመት ነበር፤ ደሴ ላይ ግን ግዴታ ነው፤ እሳት ሳይነካው ውስጡ ውሃ መያዝ አለበት።

ሥጋው ከነአጥንቱ 1 ኪሎ ተኩል የባቲ ፍየል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዶሮም ይሆናል። የፈረንጅ ዶሮ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። የሐበሻ ዶሮና ፍየል በተራ ድስት 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ፤ ፕሬዠር ድስት ካለዎት 40 ደቂቃ ይበቃል። 3 ራስ ሽንኩርት በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ያብስሉ። እዚህ ላይ እናትዎ «ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ» ሊሉ ይችላሉ። ለወጥ ልክ ናቸው፤ ለከብሳ ግን ሽንኩርቱ ቀልጦ ከጠፋ ሩዙ ይጠቁራል፣ ከልክ በላይም ይጣፍጣል። ቀጥለው 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የተከተፈ ቲማቲም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 6 ፍሬ ስንጥቅ ሄል፣ 5 ቅርንፉድ፣ አንድ ጣት ቀረፋ፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ድምብላል፣ ግማሽ ቁንዶ በርበሬ እና ሁለት ቦታ የተበሳ አንድ የደረቀ ሎሚ ይጨምሩ፤ ሥጋውንም ከተው በውሃ ይቀቅሉት። ሄል ቢጠፋ በኮረሪማ አይተኩት። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም የኮረሪማ ሽታ የወጥ ሽታ ነው፤ ልጅቷ ገና ከበር «ይሄ ከብሳ አይደለም» ትልዎታለች፣ እውነቷንም ነው።

ሥጋው ሲበስል ያውጡትና መረቁን አጥልለው ይለኩ። ቁልፉ ያለው እዚህ ነው፤ በዓይን መገመት አይቻልም። ጅዳ ላይ ለአንድ ብርጭቆ የተዘፈዘፈ ሩዝ አንድ ብርጭቆ ተኩል ይበቃ ከነበረ፣ ደሴ ላይ አንድ ከሦስት ሩብ ያድርጉት፤ ለ3 ብርጭቆ ሩዝ 5 ብርጭቆ ከሩብ መረቅ ማለት ነው። መረቁ ሲቀመስ ጨው ትንሽ የበዛበት ይምሰል፤ ሩዙ ይጠጣዋል። ሩዙን አጥልለው መረቁ ውስጥ ይጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ ሳያማስሉ ይተዉት። ላዩ ላይ ያለው ፈሳሽ ጠፍቶ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ሲል፣ ሊጥ እንደ ገመድ አድቦልቡለው በድስቱና በክዳኑ መካከል ዙሪያውን ይድፈኑ። በትንሹ እሳት 25 ደቂቃ፣ እሳቱ ከወጣ በኋላ ሳይከፈት 15 ደቂቃ። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙን አመድ ያልብሱት። መሃል ላይ «እስቲ ልየው» ብሎ መክፈት ያስያዙትን እንፋሎት ስለሚያስወጣ ወደ ጥሬው ፍሬ ይመልስዎታል። ሰዓቱን ልጅቷ ትያዝ። ክዳኑን እሷ ሳትል ማንም አይከፍትም፤ አያቷም ቢሆኑ። ትንሽ ሹመት ትመስላለች፤ ግን ቤቱ በሙሉ በእሷ ቃል የሚጠብቅበት የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ነው።

አቀራረቡ ከምግቡ እኩል ይከብዳል። ጅዳ ላይ ከብሳ በአንድ ሰፊ ትሪ ይቀርባል፤ ዙሪያውን ተቀምጦ በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊት ብቻ ይበላል፤ እጅ ወደ ሰው ድርሻ አይሻገርም። ይህ የመሶብ ሕግ ነው እኮ። ልጅዎ ገበታ አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ገበታውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ አዲስ የሆነባት ገበታው ላይ የተዘረጋው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ከብሳ በሰሃን ሳይሆን በትሪ፣ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ይቅረብ። ይህንንም በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አያድርጉት። በየቀኑ ሲሆን ከብሳው ድልድይነቱ ይቀርና አጥር ይሆናል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ከሰዓት የቅመም ዕቃዎቹን በሙሉ አውርደው ክዳናቸውን ይክፈቱና ስማቸውን በዐረብኛ ትንገራችሁ። ከሙን፣ እዚያም ከሙን ነው። ቀረፋ ቂርፋ፣ ቅርንፉድ ቀረንፉል፣ ዝንጅብል ዘንጀቢል ናቸው። ሄል ያው ሄል ነው። ሩዝ፣ ስኳር፣ ተምር፣ ሳምቡሳ ሁሉም ከአፏ ሳይርቁ ይገኛሉ። አብሽን በስም ባታውቀው በሽታው ትደርስበታለች፤ «ሑልባ» ትላለች። ጥቁር አዝሙድ «ሐባ ሰውዳ» ነው። አያቷ አማርኛውን፣ እሷ ዐረብኛውን እየተቀባበሉ ይጥሩ። የወሎ ማጀት ግማሽ ቃላቱን ከቀይ ባሕር ማዶ እንዳመጣ ሌላ ሰው ከሚነግራት ራሷ ብታገኘው ይሻላል። ኮረሪማና በሶብላ ላይ ሲደርሱ የእሷ ቋንቋ ያልቃል፤ የአያቷ ተራ የሚመጣው ያኔ ነው፣ በደስታም ትሰማለች።

አሁን እንጀራው። «ኮመጠጠኝ» ያለችው ሐሰት አይደለም፤ ሞልቀቅ ማለትም አይደለም። ሊጡ በቡሆ ዕቃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ እየለወጡት ይሄዳሉ። ደሴ ብርዳማ ስለሆነች ብዙ ቤት ሊጡን 3 ቀን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያም በላይ ያቆየዋል። ለለመደ ሰው ጣዕሙ እሱ ነው፤ ከስንዴ ዳቦና ከሩዝ ለመጣች ምላስ ግን ብዙ ነው። መፍትሔው ከጥንትም አለ፦ አፍለኛ እንጀራ። ችግሩ አያት «ይሄማ ቂጣ ነው» ይላሉ፤ የቤቱን እንጀራ ለአንድ ልጅ ብሎ መቀየርም ልጅቷን ዕዳ ያሸክማታል። ስለዚህ ከአንድ ቡሆ ሁለት ጊዜ ይጋግሩ።

3 ኪሎ ነጭ ጤፍ በ3 ሊትር ውሃ በደንብ አሽተው ያቡኩ። እርሾው አንድ ብርጭቆ ተኩል፣ እሱም ሰሞነኛ ይሁን፤ ሰንብቶ የኮመጠጠ እርሾ ገና ከመነሻው ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ላዩን 1 ሊትር ተኩል ውሃ አልብሰው ይክደኑ። ደሴ ላይ ከ24 እስከ 30 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ18 ሰዓት ጀምሮ የላዩን ብጫማ ውሃ ቀስ አድርገው ይድፉ፤ ከአሲዱ ቀላል የማይባለው የተሟሟው በዚህ ውሃ ውስጥ ነው። ከዚያ የሊጡን ሲሶ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀንሱ። ይህ የልጅቷ ነው። ለቀሪው አዲስ ውሃ አልብሰው እስከ ሦስተኛው ቀን ይተዉት፤ ያ የአያት ነው።

ለተቀነሰው አብሲት ይጣሉለት፦ 1 ብርጭቆ ሊጥ በ3 ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፣ እሳት ላይ እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉና ጣት የሚችለው ያህል ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመልሱ። አፍለኛ ላይ አብሲት መዝለል አይቻልም። ብዙ ስላልቦካ በውስጡ ያለው አየር ጥቂት ነው፤ አብሲቱ እርሾው ቶሎ የሚበላውን ምግብ ይሰጠዋል፣ ሊጡንም አየር እንዲይዝ ያደርገዋል። ትኩሱን ከጨመሩት ግን እርሾውን ይገድለዋል፤ ሊጡ ኩፍ ሳይል ይቀራል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲነሳ ይጋግሩ። ዓይኑ ከወትሮው ያነሰ ነው፤ ያ ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ ነው። ጨርሶ ዓይን ከሌለው ወይ ሊጡ ወፍሯል ወይ ምጣዱ አልጋለም። የፎገራው ሩዝ የሚመጣው እዚህ ነው፦ ከ4 እጅ ዱቄት አንዱ የሩዝ ዱቄት ቢሆን እንጀራው ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ካለፈ በማግስቱ ይሰነጣጠቃል። ኮምጣጣውን ለመግደል ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። አይጨምሩ፤ አሲዱን ያጠፋዋል፣ በምትኩ ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ይተዋል፤ ልጅቷ እንጀራን በዚያ ከለመደች ትክክለኛውን በጭራሽ አትለምድም።

በየሁለት ሳምንቱ የመቀነሻውን ጊዜ ያርቁት፦ ከ24 ወደ 36 ሰዓት፣ ከ36 ወደ 48። በሁለት ወር አካባቢ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ባይሆኑም ምንም አይደል፤ ኮምጣጣ የማይወድ የወሎ ሰው ሞልቷል። አዲስ ጣዕም ለልጅ የሚለመደው አንዳንዴ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከተቀመሰ በኋላ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ «አትወድም» ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው። ግን መቅመስ ማለት የመዳፍ ያህል ቁራሽ ነው፣ ሙሉ ጥቅልል አይደለም። የመጀመሪያዎቹን በወጥ አይስጧት፤ በእንቁላል ፍርፍር፣ በእርጎ፣ በማር ይሁኑ። አነባበሮም ጥሩ መግቢያ ነው። ሁለት ስስ ንብብር፣ መሃሉ ዘይትና ጥቂት በርበሬ፤ ጅዳ መንገድ ዳር የምታውቀውን ሙጣበቅ በቅርጹ ያስታውሳታል።

ስለ በርበሬ አጭር ነገር፦ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ውሃ ማጠጣት ማቃጠሉን በአፍ ውስጥ ከማዳረስ በቀር አይረዳም። እርጎ ወይም አይብ አጠገቧ ይቀመጥ። አልጫ በእርድ ይጀምሩ፣ ከዚያ ለ6 ሰው ወጥ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ በደንብ ቁሌት ላይ ተቁላልቶ፤ በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ።

ጉርሻ ላይ ዘመድ ሁሉ ይሳሳታል። ዓይኗን ጨፍና የምትቀበለው ጉርሻ ፍቅር ሆኖ አይሰማትም። ከልክሉ ማለት ግን ለአክስትና ለአጎት ስድብ ነው። መውጫው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፦ ልጅቷ ታጉርስ። መጀመሪያ አያቷን፣ በከብሳው ቀን፣ በራሷ እጅ። አያት አፋቸውን ከፍተው ያንን የማያውቁትን ሩዝ ሲቀበሉ ልጅቷ ጉርሻ ምን እንደሆነ ይገባታል፤ መመለሱም ብዙ አይቆይም። እናትዎ ምናልባት ሄሉ ይሸታቸው ይሆናል። ፊታቸውን ሳያጨፈግጉ እንዲውጡት አስቀድመው ይምከሯቸው።

ወደ ሁለቱ ድስት። ልጅዎ ያደገችው ሥጋ አንድ ዓይነት ብቻ በሆነበት አገር ነው፤ ስለዚህ የአያቷን ድስት ስታይ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው የማልነካው?» ብላ ልትረዳው ትችላለች። ዝም ብሎ ማለፍ አይበጅም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት፦ «የአያትሽ ሥጋ በስመ አብ ተብሎ የታረደ ነው፣ የኛ በቢስሚላህ፤ ሁለቱ ድስት ያለው ሁላችንም እዚህ ቤት እንድንበላ ነው።» ወሎ ውስጥ በሰርግም በለቅሶም ለሁለቱም ወገን ለየብቻ የሚታረደው፣ ቅሬው (ዕድሩ) ለሁለቱም ዕቃ የሚያሰናዳው አንዱ ከሌላው ቤት ሳይበላ እንዳይሄድ ነው። ከቻሉ አይጠየፍ አዳራሽን ያሳዩዋት። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት ነው፤ ስሙም ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው። ንጉሡ ራሳቸው እስከ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደነበር ስትሰማ በሁለት ስም መጠራት እሷ ላይ የተጀመረ እንዳልሆነ ታያለች።

ከዚያ ወደ ሥራው፦ ሥጋ የሌለበት ሁሉ የጋራ ነው። እናትዎ የሚጾሙበት ረቡዕና ዓርብ የአንድ ድስት ቀን ይሁን፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾም ስለሌለ ብቻ ቀኑን ይቀይሩ። ከላይ ያለውን ከብሳ በሥጋ ፈንታ 2 ብርጭቆ የተቀቀለ ሽምብራና 3 ድንች አድርገው ይሥሩት፤ መረቁም የሽምብራው ውሃ ይሁን። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የዶሮ ጣዕም ያለው የሾርባ ኩብ የእንስሳ ስብ ሊኖርበት ስለሚችል ጾም ያስፈታል፤ ተዉት። ማማሰያውም ከሥጋው ድስት የማይገባ ይሁን፤ ልጅቷ ይህን የምትቆጣጠር ብትሆን አያቷ ያደንቋታል። ቅቤ የለመደ ቤት በስህተት ጠብ እንዳያደርግ ልብ በሉ።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን የምስር ሳምቡሳ ነው። ጅዳም አለ፣ ደሴም አለ፤ ለኢፍጣርም ይሆናል፣ ለዐቢይ ጾምም። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ሲገቡ በአንድ ማዕድ ላይ ሁለቱንም ጿሚ ያለ ጥያቄ የሚያገለግል ነገር ይህን የመሰለ ጥቂት ነበር። ለ20 ፍሬ 2 ብርጭቆ ድፍን ምስር ደሴ ላይ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይቀቅሉ፤ ሲጨመቅ የሚደቅ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ይሁን። አንጠፍጥፈው ትሪ ላይ ዘርግተው ያብርዱ። ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ ምስሩ እርጥብ ወይም ትኩስ ስለሆነ ነው። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከሙንና ጨው ይቀላቀሉበት። ዘይቱ ቁራጭ ሊጥ ሲጣልበት ወዲያው አረፋ አውጥቶ ካንሳፈፈው ደርሷል፤ ካልሆነ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። አጣጠፉን ልጅቷ የምታውቀው ከሆነ እናንተ እሷን ተከተሉ፣ ባትስማሙበት እንኳ።

ምሳ ዕቃው በዚህ ይፈታል። የእኛ ልጆች ምሳቸውን አንድ ላይ ከፍተው ነው የሚበሉት፤ ማንኪያ የሚፈልግ ምግብ የያዘ ልጅ ከዚያ ክብ በራሱ ይወጣል። ሩዙ ስለ ዐረብነቱ አይደለም ያራቃት፤ ሩዝ በአትክልት የሚያመጣ ሌላም ልጅ አይጠፋም። በእጅ የሚነሳ፣ ከእሷ የሚተርፍ ነገር ይስጧት፦ ለእሷ 2 የሚበቃ ከሆነ 6 ሳምቡሳ ይላኩ። ሌላ ቀን ከብሳውን በአፍለኛ እንጀራ ጠቅልለው እንደ ጣት ይቁረጡት። ሩዝ የሚላክ ከሆነ የማታው ትርፍ አይሁን። ሩዝ ውስጥ መቀቀል የማይገድለው ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር አለ፤ ሙቅ ድስት ውስጥ ተከድኖ ሲያድር ይራባል፣ የሚያወጣውንም መርዝ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ጠዋት አብስለው፣ ትሪ ላይ ዘርግተው አቀዝቅዘው ይጠቅልሉ፤ በ4 ሰዓት ውስጥ ይበላ። ኮምቦልቻ ቢሆኑ ሙቀቱ ከዚህም ያሳጥረዋል። «ዐረቧ» የሚለው ቀልድ ከሆነ ሳምቡሳው ይመልሳል፤ ስድብና መግፋት ካለበት ግን ለመምህሯ ይንገሩ፣ ምግብ የዚያ መድኃኒት አይደለም።

ቡናው ላይም ቦታ ይስጧት። እዚያ የምታውቀው ቀህዋ በስሱ ተቆልቶ በሄል የሚፈላ፣ በተምር የሚጠጣ ነው። ሳዑዲ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙ አገሮች አንዷ ስለሆነች ከዚያ ስኒ ያሸተተችው ፍሬ ከዚሁ አገር የሄደ ሊሆን ይችላል። ፍንጃል የሚለው ቃልም አይከብዳት፤ ሦስተኛው ዙር በረካ ዐረብኛ ነው፣ አቦልም ከ«አወል» እንደመጣ ይነገራል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯት። እዚያ ቀህዋ ስኒው ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ብቻ ይቀዳል፤ ሞልቶ መስጠት «ጠጣና ሂድ» የሚል ትርጉም አለው። እዚህ ተቃራኒ ነው፣ ጎደሎ ስኒ ንፍገት ይመስላል። ሳትነግሯት ጎረቤት ፊት ሲሶ ቀድታ ብትሳቅባት ጥፋቱ የእናንተ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቡና ቁርሱን እሷ ታሰናዳ፤ ከቆሎው ጎን ተምር ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክብደቷ ከቀነሰ፣ ምግብ አፏ ሲገባ ወደላይ የሚላት ከሆነ፣ ወይም ከሁለትና ሦስት ወር በኋላም ከጥቂት ምግቦች በቀር ምንም ካልነካች ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ነጭ ሩዝ ብቻ ለሚበላ ልጅ የብረት ማነስና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ እስከዚያው ምስር፣ እንቁላልና ጎመን በሩዙ ውስጥ ይግቡ።

የደረቀው ሎሚ ደሴ ገበያ ላይ ሁልጊዜ አይገኝ ይሆናልና በቤት ይሥሩት፤ ይህንን ሥራ ለልጅቷና ለአያቷ ብቻ ይተዉ። 20 ትናንሽ፣ ቆዳቸው ያልተቦጨቀ ሎሚ በጨው ውሃ 5 ደቂቃ ይፍላ፤ ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው። ደርቆ ከተጠራረገ በኋላ ሰፌድ ላይ እርስ በርሱ ሳይነካካ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ማታ ማታ ቤት ይግባ። በየቀኑ ይገላበጥ። ደሴ ላይ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት አይሞከርም፣ ይሻግታል። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለ እዚያ ቢሰጣ ቶሎ ይደርሳል። ሲነሱት እንደ ባዶ ዕቃ ቀለል ካለ፣ ሲያወዛውዙት ውስጡ ኳ ኳ ካለ ደርቋል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ፀጉር ያወጣውን ጠርጎ ማዳን የለም፤ ይጣላል።